ክላምኤቪ፦ ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ሰርቨራችሁን ግን አይጠብቅላችሁም

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም፤ ምክንያቱ ይከተላል። ክላምኤቪ የሚባለው ነፃ አንቲቫይረስ የሌላ ሰው ፋይል ለሚያልፍበት ኮምፒውተር ጥሩ ዕቃ ነው። የኢሜይል ሰርቨር፣ ቢሮው ሁሉ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሰርቨር፣ ደንበኛ ሰነድ የሚጭንበት ዌብሳይት፣ ከኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ የሚሰካበት ላፕቶፕ። እነዚህ ላይ ጫኑት፤ አንድ ብር አያስከፍላችሁም። "ሰርቨሬ እንዳይጠለፍብኝ" ብላችሁ ከሆነ ግን ቅር ትሰኛላችሁ። እሱ የሚያየውና ሊኑክስ ሰርቨር በእውነት የሚጠለፍበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ሁለት ዓይነት ሰው ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። አንደኛው "ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም" ብሎ የደመደመ ነው፤ አፕዴት ካደረገ ዓመት አልፎታል። ሌላኛው ከዊንዶውስ የመጣ ነው፤ አንቲቫይረስ ካልጫነ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ስለዚህ ክላምኤቪን ይጭንና ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ዞር ብሎ አያየውም። የቱ ይብሳል ብትሉኝ ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ ምንም እንዳልጫነ ያውቃል።

ዕቃውን ለማያውቅ ባጭሩ። ክላምኤቪ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ አንቲቫይረስ ነው። ቶማሽ ኮይም የተባለ ፖላንዳዊ በ2002 ጀመረው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ሶርስፋየር ገዛው። በ2013 ደግሞ ሲስኮ ሶርስፋየርን ራሱን በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ዛሬ የሚሠራበት ታሎስ የሚባለው የሲስኮ የደኅንነት ቡድን ነው። ከጀርባው ትልቅ ኩባንያ ቢኖርም አሁንም ነፃ ነው፤ በየቀኑ ብቅ እያለ "ሙሉውን ግዛ" የሚል መስኮት የለውም። መስኮት ራሱ የለውም እንጂ! ሁሉም ነገር በተርሚናል ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ኡቡንቱና ደቢያን ላይ ከራሳቸው ማከማቻ በአንድ ትዕዛዝ ይገባል። ዴብ ፋይል (የእነዚህ ሊኑክሶች የፕሮግራም መጫኛ ፋይል) ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ አትዙሩ፤ ለምን እንደምላችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። ከተጫነ በኋላ ፍሬሽክላም የሚባለው ክፍል የቫይረስ መለያዎቹን፣ ማለትም ቫይረሶች የሚታወቁባቸውን ምልክቶች፣ ማውረድ ይጀምራል። እዚህ ላይ ኢንተርኔቱን በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው ዳውንሎድ በመቶ ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ የሚያወርደው የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከቆየ ሙሉውን እንደገና ሊጎትት ይችላል።

ቢሮ ውስጥ ብዙ ማሽን ካላችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ለየብቻው እንዲያወርድ አትተዉት። ሲቪዲአፕዴት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የሠሩት ራሳቸው የክላምኤቪ ሰዎች ናቸው። አንድ ማሽን ላይ ታስኬዱታላችሁ፣ እሱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ከእሱ ይወስዳሉ። ይህን ሳያውቁ መለያዎቹን በዌብ ማውረጃ በቀጥታ ለመሳብ የሚሞክሩ አሉ፤ ሰርቨሩ "403" ብሎ ይመልሳቸዋል። ደጋግሞ ለሚያንኳኳ ደግሞ "429" ብሎ ለጊዜው ይዘጋበታል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በነፃ የሚያድል ሰው መስመሩን መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታ። ራም ይበላል። በጣም ይበላል። ክላምዲ የሚባለው ከጀርባ የሚሠራው ክፍል በሚሊዮን የሚቆጠሩ መለያዎችን በሙሉ ራም ላይ ይጭናል። የአዘጋጆቹ የራሳቸው ሰነድ 3 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ይመክራል። አብዛኞቻችን የምንከራየው ርካሽ ሰርቨር ስንት ነው? 1 ጊጋ፣ ቢበዛ 2። በዚያ ላይ አዲስ መለያ በመጣ ቁጥር ክላምዲ አሮጌውን ሳይለቅ አዲሱን ከጎኑ ይጭናል፤ ስካን እንዳይቋረጥ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ሰከንዶች የሚይዘው ራም ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚያች ቅጽበት ራሙ ካለቀ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ደግሞ ትልቁ ነውና ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪዩኤል ሊሆን ይችላል። ዌብሳይቱ ሌሊት ላይ በራሱ እየወደቀ ጠዋት ምክንያቱ የሚጠፋባችሁ ሰዎች፣ የከርነሉን መዝገብ ክፈቱና እዩት።

መፍትሔ አለው። ሴቲንግ ፋይሉ ላይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የመጫን ልማዱን "አይ" ማለት ይቻላል። ያኔ አሮጌውን ለቅቆ ነው አዲሱን የሚጭነው፤ እስኪጭን ድረስ ስካኑ ይጠብቃል። ለትንሽ ቢሮ ይህ ምንም አይደለም። ሰርቨሩ 1 ጊጋ ራም ብቻ ከሆነ ግን ክላምዲን ለማኖር አትታገሉ። በቃ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ስካን ማድረጊያው ሁለት መሆኑ ነው፣ ይህን የማያውቅ ሰው "ቀርፋፋ ነው" ብሎ ይጥለዋል። ክላምስካን የሚባለው በተጠራ ቁጥር ያንን ሁሉ መለያ ከዲስክ አንስቶ እንደ አዲስ ይጭናል። አንዲት የሁለት ገጽ ሰነድ ለማየት! ለአንድ ሲኒ ሻይ ሙሉ ድስት ውሃ እንደማፍላት ነው። ክላምዲስካን ደግሞ ቀድሞ ተነስቶ የሚጠብቀውን ክላምዲን ስለሚጠይቅ ወዲያው ይመልሳል። ክላምዲ እየሠራ ከሆነ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ተጠቀሙ። ክላምስካን የሚጠቅመው ክላምዲ በሌለበት ማሽን፣ ማታ ማታ ሰው በሌለበት ሰዓት አንዴ ለሚደረግ ፍተሻ ነው።

ክላምዲስካን ላይ ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ክላምዲ የሚሠራው በራሱ ተጠቃሚ ስም ነው፣ ስለዚህ የእናንተን ፎልደር የማንበብ መብት የለውም። ውጤቱ "ፈቃድ ተከልክሏል" የሚል ረጅም ዝርዝር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ክላምዲን በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው ተጠቃሚ ስም፣ ያስነሳዋል። አታድርጉት! ከየትም የመጣ ፋይል እየከፈተ የሚያነብ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ፋይሉን ከፍቶ ለክላምዲ የሚያቀብል "ኤፍዲፓስ" የሚባል አማራጭ አለው፤ ከትዕዛዙ ጋር አያይዛችሁ ጻፉት፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል።

ለምን ሩት አይሁን እንደምል ምሳሌ ካስፈለጋችሁ፣ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ክላምኤቪ ውስጥ ራሱ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ቁጥሩ ሲቪኢ-2023-20032 ነው። ኤችኤፍኤስ ፕላስ የሚባለውን የአፕል ዲስክ አሠራር የሚያነበው ኮድ ላይ ስህተት ነበር። አጥቂው የተበላሸ የዲስክ ፋይል በኢሜይል ቢልክ፣ ክላምኤቪ ሊፈትሸው ሲከፍተው አጥቂው የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የክብደቱ ነጥብ ከ10 ውስጥ 9.8። ጠባቂው ራሱ በር ሆነ ማለት ነው። በ1.0.1፣ በ0.105.2 እና በ0.103.8 ተስተካከለ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነውር አልቆጥረውም፤ በመቶ ዓይነት የፋይል ቅርጽ የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፣ የሚከፈልባቸውም ጭምር። ነገር ግን አንቲቫይረሱን ጭኖ መርሳት እንደማይቻል ያሳያል። ለአሮጌ ስሪቶችም ጊዜያቸው ሲያልፍ መለያ መስጠት ያቆማሉ።

ስለዚህ ከጫናችሁ በኋላ መሥራቱን ፈትኑ። ኤይካር የሚባል የታወቀ መሞከሪያ አለ፤ 68 ፊደል ብቻ ያላት ጽሑፍ ናት፣ ምንም ጉዳት የላትም፣ አንቲቫይረሶች ሁሉ ግን "ቫይረስ" ብለው እንዲጮሁባት ተስማምተዋል። ፋይሏን አስቀምጡና ስካን አድርጉ። ካልጮኸ የሆነ ነገር ትክክል አይደለም። ኢሜይል ሰርቨር ላይ ከሆነ የጫናችሁት፣ ለራሳችሁ በአታችመንት ላኩት፤ ዚፕ አድርጋችሁም ላኩት።

አሁን የምነግራችሁን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለእኔ የዚህ ዕቃ ዋናው ጉድለት ይሄ ነው። ክላምኤቪ የፋይል መጠን ገደብ አለው። ከ0.105 ጀምሮ ገደቡ 100 ሜጋባይት ነው፤ ድሮ 25 ነበር። ከዚያ የበለጠ ፋይል ሲመጣ አያየውም፣ ይዘለዋል። ዘልሎ ምን ይላል? "እሺ" ይላል። አልፈተሽኩትም አይልም። ማንም ሰው ሪፖርቱን ሲያነብ ንፁህ ነው ብሎ ነው የሚወስደው። ከገደብ በላይ የሆነውን እንዲያሳውቅ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ ሲጫን ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አብሩት። የይለፍ ቃል የተቆለፈበት ዚፕም እንደዚያው ነው፤ ውስጡን ማየት አይችልም፣ ካላዘዛችሁትም አይነግራችሁም። ማጭበርበሪያ ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች ዚፑን ቆልፈው ፓስወርዱን ኢሜይሉ ላይ የሚጽፉት ለምን ይመስላችኋል?

ይህን ካስተካከላችሁ በኋላ ግን ጥሩ ጎኑ መታየት ይጀምራል። በተለይ ፍላሽ ላይ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮፒ ቤት ሄዶ ፍላሹን ሰክቶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት የሚተካውን ቫይረስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት አይነሳም፣ ምክንያቱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ የተደበቁት ፎልደሮችም ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ይታያሉ። ችግሩ ሊኑክሱ አለመታመሙ ነው፤ ሳታውቁት ፍላሹን ለሌላ ሰው ታቀብላላችሁ። ክላምኤቪ እነዚህን የቆዩ የዊንዶውስ ቫይረሶች በደንብ ያውቃቸዋል። ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስና ክላምኤቪ ጭናችሁ "ፍላሽ መጀመሪያ እዚህ ይሰካ" ብትሉ፣ ብዙ ከሚያስከፍሉ ነገሮች የተሻለ ይጠቅማችኋል። የፋይል ሰርቨርም እንደዚሁ። ሳምባ (ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል የሚጋራበት ፕሮግራም) ላይ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የሚያስቀምጡትን ማታ ማታ ስካን ማድረግ የሰርቨሩን ጤና ሳይሆን የሠራተኞቹን ነው የሚጠብቀው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተገኘውን በራሱ እንዲያጠፋ አትዘዙት። የማጥፊያ አማራጭ አለው፣ ነገር ግን እንደማንኛውም አንቲቫይረስ ንፁህ ፋይልን በስህተት ይከሳል፣ በተለይ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ተጨማሪ መለያዎችን ከጫናችሁለት። የሒሳብ ክፍሉ የኤክሴል ፋይል ከነማክሮው አንድ ሌሊት ቢጠፋ ማን ፊት ትቆማላችሁ? ወደ ሌላ ፎልደር እንዲያነሳው አድርጉ፣ ጠዋት አይታችሁ ወስኑ። ኢሜይል ሳጥን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አንዳንድ ሰርቨሮች የአንድን ሰው ኢሜይል በሙሉ በአንድ ፋይል ነው የሚያስቀምጡት። አንድ መጥፎ ደብዳቤ ተገኘ ብሎ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ፋይል በተከፈተ ቁጥር ወዲያው የሚፈትሽ ክላምኦንአክ የሚባል ክፍልም አለው። ከ0.102 ወዲህ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ሲጫን የሚያደርገው ማሳወቅ ብቻ ነው፤ እንዲከለክል ከፈለጋችሁ ሴቲንጉን መቀየር አለባችሁ። ጠቅላላ ዲስኩን ጠብቅ አትበሉት። ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ክላምዲ የሚከፍተውን ፋይል ራሱ እየፈተሸ ዙሪያ እንዳይገባም የክላምዲን ተጠቃሚ ማግለል ያስፈልጋል። ለዳውንሎድ ፎልደር ወይም ዌብሳይቱ ፋይል ለሚቀበልበት ፎልደር ብቻ ከሆነ ደህና ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ስለ ፋይል ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግማሹ ስለ ዊንዶውስ ቫይረስ ነበር። ሊኑክስ ማሽን ራሱ እንዴት ነው የሚመታው?

አብዛኛውን ጊዜ በፓስወርድ። አዲስ ሰርቨር ተከራይታችሁ ኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚገባበትን በር) ከፍታችሁ ትንሽ ቆዩና የመግቢያ መዝገቡን ክፈቱ። ከዓለም ዙሪያ "ሩት"፣ "አድሚን"፣ "ቴስት" እያሉ የሚሞክሩ ማሽኖችን ታያላችሁ። ማንም እናንተን አልፈለጋችሁም፤ ሁሉንም በር ነው የሚያንኳኩት። በ2016 ዓለምን ያስደነገጠው ሚራይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሊኑክስ የሚሠራባቸውን ካሜራዎች፣ የካሜራ መቅጃዎችና ራውተሮች ፋብሪካው በሰጣቸው ከ60 በላይ የስምና የፓስወርድ ጥንዶች ብቻ እየሞከረ ገባ። ኦክቶበር 21, 2016 ዳይን የተባለውን፣ የዌብሳይት ስሞችን ወደ አድራሻቸው የሚመራ ድርጅት ሲመታ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የረቀቀ ነገር አልነበረም። (ሱቅ ካሜራ ስታስገጥሙ ገጣሚውን "ፓስወርዱን ቀይርልኝ" በሉት፤ ካልጠየቃችሁት ብዙ ጊዜ አይነካውም።)

ክላምኤቪ ይህን ያቆማል? አያቆምም። በትክክለኛ ፓስወርድ የገባ ሰው ፋይል አይደለም። ከገባ በኋላ የሚያስቀምጠውን ክሪፕቶ ማምረቻ (በሰው ሲፒዩ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) መለያው ካለ ሊይዘው ይችላል፣ ግን ሩት የሆነ ሰው ክላምዲን በአንድ ትዕዛዝ ያጠፋዋል። እንደ ኪንሲንግ ያሉት፣ የዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) መቆጣጠሪያ ለዓለም ክፍት የተተወባቸውን ሰርቨሮች እየፈለጉ የሚገቡት፣ ገና ሲገቡ የመከላከያ ፕሮግራሞችን ያስቆማሉ፣ አልፈው ተርፈው ቀድሟቸው የገባ ሌላ ክሪፕቶ ማምረቻ ካለ እሱንም ይገድሉታል። ሲፒዩውን ከማንም ጋር መካፈል አይፈልጉማ!

ኢበሪ የሚባለው ደግሞ ከዚህ ይረቃል። የኤስኤስኤች ፓስወርድና ቁልፍ ይሰርቃል፣ በተሰረቀው ወደሚቀጥለው ሰርቨር ይሄዳል። ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከ2009 ጀምሮ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰርቨሮች ተጠቅተዋል፤ በ2023 መጨረሻ ላይ ከ100,000 በላይ ገና አልጸዱም ነበር። "ሊኑክስን ምንም አይነካውም" ለሚለው ወዳጄ ይህን ቁጥር አንብቡለት።

ሁለተኛው መንገድ ራሳችን የምንጭነው ሶፍትዌር ነው። ቅድም ዴብ ፋይል ፍለጋ አትዙሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀርን ታውቁታላችሁ። ካስፐርስኪ ሴፕቴምበር 2023 ላይ እንዳጋለጠው፣ ከ2020 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከፕሮግራሙ ትክክለኛ ገጽ ላይ ማውረጃውን የሚጫኑ አንዳንድ ሰዎች ወደ ሌላ አድራሻ እየተወሰዱ የተመረዘ የዴብ ፋይል ይሰጣቸው ነበር። ሁሉም ሰው አይደለም፤ አንዳንዱ ብቻ። ፕሮግራሙ በደንብ ይሠራል። ከጀርባ ግን በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ሥራ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) ላይ ይመዘገባል፣ በብሮውዘር የተቀመጡ ፓስወርዶችና የክሪፕቶ ቦርሳዎች ይሰበሰባሉ። እኔን ያስገረመኝ ደግሞ፣ ተጠቂዎቹ ያንን እንግዳ የክሮን ሥራ አይተው ኢንተርኔት ላይ "ይሄ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ነበር፣ ሌሎችም እንዴት እንደሚስተካከል ሲመልሱላቸው ነበር፣ በቫይረስነቱ ግን ማንም አልጠረጠረም። ሊኑክስ ነዋ! ማን ይጠረጥራል?

ተመሳሳይ ነገር ሞልቷል። ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ሊኑክስ ሚንት ዌብሳይቱ ተጠልፎ የ17.3 ሲናመን ማውረጃ ሱናሚ የሚባል ባክዶር (ድብቅ መግቢያ) ወዳለበት ፋይል እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። በ2018 ስናፕ ስቶር ላይ አንድ የጨዋታ ፕሮግራም ውስጥ ክሪፕቶ ማምረቻ ተገኝቷል። ጁላይ 2025 ላይ የአርች ሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚጋሩት ማከማቻ ውስጥ የፋየርፎክስና የሊብሬዎልፍ ማስተካከያ መስለው የገቡ ፓኬጆች የርቀት መቆጣጠሪያ ይዘው ተገኙ። የቴሌግራም ቻናል ላይ "ይህን ኮፒ አድርገህ ተርሚናል ላይ ለጥፈው" የሚለውንማ ተዉት። ከኢንተርኔት የሚወርድ ስክሪፕትን ሳያነቡ በሱዱ (የሩትን ሥልጣን በሚሰጠው ትዕዛዝ) ማስኬድ ለማታውቁት ሰው ቁልፍ መስጠት ነው፤ ክላምኤቪም ምንም አያደርግላችሁም፤ ፈቃዱን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የኤክስዚ፣ ብዙ ሊኑክስ ላይ አብሮ የሚመጣው የፋይል ማጨመቂያ፣ ጉዳይ አለ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው ወይም ቡድን ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ፣ እያስተካከለ የፕሮጀክቱን እምነት አገኘ። ከዚያም 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ ባክዶር አስገባ። ማርች 29, 2024 ላይ ይፋ ያደረገው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ነው፤ ያጋለጠውም ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበትና ሲፒዩው ስለበዛበት ነው። የትኛውም አንቲቫይረስ አልያዘውም፤ በሕጋዊው መንገድ፣ በትክክለኛ ፊርማ የመጣ ፓኬጅ ነበር። የደረሰው ለደቢያን መሞከሪያ ስሪቶችና ለፌዶራ ሮውሃይድ ዓይነቶቹ ነው። የተረጋጋውን ደቢያንና የኡቡንቱን የረጅም ጊዜ ስሪቶች የሚጠቀሙ ሰዎች አልነካቸውም። ሰርቨር ላይ አዲስ ነገር የመሞከር ጉጉት ያለባችሁ፣ እሱን ለላፕቶፓችሁ አድርጉት።

ታዲያ ምን ይሻላል ካላችሁ፣ ለሰርቨሩ ራሱ ከክላምኤቪ በፊት የማስቀድማቸው ነገሮች አሉ፣ ሁሉም ነፃ ናቸው። ኤስኤስኤች በቁልፍ ብቻ እንዲገባ አድርጋችሁ ፓስወርዱን ዝጉት። የደኅንነት አፕዴት በራሱ እንዲጫን አብሩ። ይህ ካልሆነ ሱዱ ላይ በጃንዋሪ 2021 ይፋ የሆነውን፣ ወደ አሥር ዓመት ተደብቆ የቆየውን ክፍተት የመሰለ ነገር ሳትደፍኑት ትቀራላችሁ። ሬዲስን፣ ማይኤስኪዩኤልን፣ ዶከርን ለዓለም ክፍት አትተዉ። ሊኒስን ጫኑና አንዴ አስኪዱት፤ ቫይረስ አይፈልግም፣ የሰርቨሩን አሠራር መርምሮ የቱ ጋ እንደላላ ይነግራችኋል፣ በ100 ውስጥ ነጥብም ይሰጣል። ነጥቡን አትሩጡበት፣ ምክሮቹን አንብቡ። አይዴ ደግሞ የፋይሎቹን ሁኔታ መዝግቦ ይይዝና ሲቀየሩ ያሳውቃል፤ መዝገቡን ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡት እንጂ፣ አለዚያ የገባው ሰው ራሱ ያድሰዋል።

አርኬሃንተርን የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። የመጨረሻ ስሪቱ የ2018 ነው፤ ንፁህ ኡቡንቱ ላይ ሁሉ "ማስጠንቀቂያ" ይላል። ከጊዜ በኋላ ማንም አያነበውም። ዎርድፕሬስ የምታስተናግዱ ከሆናችሁ ግን ማልዴት ጥሩ ነው፤ በዌብሳይት ፎልደሮች ውስጥ የሚደበቁ የፒኤችፒ ባክዶሮችን ለመፈለግ የተሠራ ነው፣ ክላምኤቪ ከተጫነም የእሱን ሞተር ተውሶ ይፈጥናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ክላምኤቪ ለሊኑክስ ሰርቨር ራሱ ትንሽ የሚጠቅመው።

ለቤት ላፕቶፕስ? ኡቡንቱ ወይም ሚንት ጭናችሁ ፕሮግራም ከራሱ ማከማቻ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ክላምዲን ከጀርባ አታስኪዱት፣ ባትሪና ራም ነው የምትጨርሱት። ክላምስካንን ብቻ ጫኑ። ከኮፒ ቤት ስትመለሱ ፍላሹን ሰክታችሁ አንዴ ፈትሹበት፣ መለያዎቹን ግን ቀደም ብላችሁ ዋይፋይ ባለበት አውርዱ።